የመቅደላዊት ድንኳን

በደንበላ ከተማ ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ «ደህና አደርክ?» መባባል ካቆሙ ቆይተዋል። አሁን የሚባለው «ነጭ አደርክ?» ነው። የተጠየቀውም «ነጭ፣ ተመስገን» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። በየቤቱ በር መቃን ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን ሳይቀምስ አውራ ጣቱን ያስነካታል፤ እሷም ወጋ አድርጋው ትንሽ ታስብና መብራቷን ታበራለች፤ ደሙ ንጹሕ ከሆነ ነጭ፣ ከታመመ ብጫ። ሕፃናት እንኳ ማንም ሳይቆጣቸው ተራ ይዘው ጣታቸውን ይሰጣሉ። ጣቱን ያልሰጠ ልጅ ቁርስ አይቀርብለትም።

በደም የሚተላለፈውን ያን ጉበት በል ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ሲን፣ ከአገር ለማጥፋት ከተወሰነ ወዲህ ኑሮው እንዲህ ነው። ውሳኔው ክፉ አልነበረም። ክኒኑ ያድናል፤ ብዙ ሰውም አድኗል። ገበያው መሃል በቆመው ትልቅ ሰሌዳ ላይ የታማሚው ቁጥር ሲወርድ፣ በወረደ ቁጥርም ሴቱ እልል ሲል ዓመታት አለፉ። ከዚያ ቁጥሩ «አንድ» ላይ ደርሶ ቆመ። አምናም አንድ፣ ዘንድሮም አንድ።

አንዷ እትዬ መቅደላዊት ነበረች።

መቅደላዊት ድንኳን ሰፊ ናት። የእድሩ ድንኳን ሲቀደድ የሚጣፈው፣ ጥጉ ሲላላ የሚጠብቀው በእሷ የስፌት መኪና ነው፤ አሁን ያለውን አዲሱን ነጭ ድንኳን ከዳር እስከ ዳር የሰፋችውም እሷው ናት። በወጣትነቷ ሸራ መጎተቱ ወገቧን ሲያማት ፍልውሃው ዳር እየሄደች ዋግምት ትታገም ነበር። አጋሚው ሽማግሌ ጀርባዋን በምላጭ በጣ በጣ ያደርጉና ቀንዱን ይለጥፉባታል። ምላጩ አንድ ነበር፣ ጀርባው ብዙ። ብዙ ጊዜ ከእሷ ፊት ተራ የሚይዘው ኪሩቤል የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ ዛሬ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ኪሩቤል ናቸው። እሳቸው በመጀመሪያው ክኒን ነጭ ሆኑ። የእሷ ግን ዘግይቶ ተገኘ፤ ጉበቷ ጠባሳ ይዞ ስለነበር አንደኛው ክኒንም ሁለተኛውም አልያዘላትም።

ከተማው ይህን ሁሉ ያውቃል። ቢያውቅም ፈጣኑ ባቡር የሚቆመው አንድም ታማሚ በሌለበት፣ «ነጭ» በተባለ ከተማ ብቻ ነው። ደንበላ ሲደርስ ተሳፋሪዎቹ መጋረጃ እንዲያወርዱ ይነገራቸውና ባቡሩ እያፏጨ ያልፋል። ጣቢያው ተሠርቶ ካለቀ ሰንብቷል፤ ወንበሮቹ ላስቲካቸው ሳይነሳ አቧራ ይጠጣሉ። የመቅደላዊት ልጅ ኤልዳና እዚያ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሆና ተቀጥራለች፤ ሥራ ግን አልጀመረችም። እሁድ እሁድ አንድም ቀን ያልለበሰችውን ዩኒፎርም አውጥታ ትተኩሰውና መልሳ ትሰቅለዋለች።

መቅደላዊትን የሰደባት የለም። ደንበላ ባለጌ ከተማ አይደለም። ብቻ ሰላምታ ጠፋላት። «ነጭ አደርሽ?» ቢሏት ነገር ፍለጋ ይመስላል፤ ስለዚህ ስትመጣ ሲያዩ አንዱ ጫማውን ያስራል፣ ሌላዋ ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ትፈልጋለች። ልጆች ግን ልጆች ናቸውና «እማማ አንድ» ይሏታል።

ክረምቱ ሲገባ ነርሷ፣ ሲስተር ያብስራ፣ ሦስተኛውን ዓይነት ክኒን አስመጣችላት። ጠዋት ጠዋት ሳጥኑ ጣቷን ወግቶ ብጫ ያበራና ከሆዱ አንዲት ክኒን ጠብ ያደርግላታል። ነሐሴ ሲጋመስ ሲስተር ደሟን አይታ እየሳቀች መጣች።

«እትዬ መቅዲ፣ እልል ይበሉ! ቫይረሱ አልታይ እያለ ነው።»

«ውነትሽን ነው ልጄ?»

«እናቴ ትሙት! ብቻ ክኒኑን ጨርሰው ደግመን እስክናየው ድረስ ሳጥኑ ብጫ ማለቱን አይተውም፤ እንዳይደነግጡ። እስከ ጥቅምት ይታገሡልኝ። አንድም ቀን እንዳያቋርጡ። ካቋረጡ ተመልሶ ይመጣል፤ ከዚህ ሌላ ደግሞ የምሰጥዎ መድኃኒት የለኝም።»

መቅደላዊት ልቧ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ገበያ ወርዳ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችው፤ ከአምና ጀምራ አንገቷን ደፍታ ነበር የምታልፈው። ጥቅምት ላይ ባዶ ታደርገዋለች። ያን ለታ ማን ጫማውን እንደሚያስር ታያለች!

ችግሩ ከተማው ነጭ መሆኑን የሚያረጋግጡት መርማሪዎች የሚመጡት በጳጉሜ መሆኑ ነው። አዲስ ዓመት ላይ ነጭ ያልተባለ ከተማ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ እሁድ ከሰዓት፣ ጋሽ ኪሩቤል ከእድሩ ጸሐፊና ከገንዘብ ያዡ ጋር ሆነው ቤቷ መጡ። ሰው ደጇን ከረገጠ ስንት ጊዜው! መቅደላዊት የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። ወንበር ጠረገች፣ ሻይ በየብርጭቆው ቀዳች። በሽታው በብርጭቆ እንደማይተላለፍ ሦስቱም ያውቃሉ፤ በየግድግዳው ተለጥፎ ያደጉበት ነገር ነው። ብርጭቆውን በአክብሮት ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ በሁለት እጃቸው ይዘውት ተቀመጡ። ወደ አፉ ያቀረበ ግን የለም።

«ዝናቡ ዘንድሮ በረታ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

«በረታ እንጂ» አለ ጸሐፊው።

«ባቡሩም ዛሬ…»

«አለፈ።»

ገንዘብ ያዡ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዩኒፎርም አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «ያቺ ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ እንኳ ባቡር ቆመላት አሉ።»

«ተው!» አለ ጸሐፊው፣ ዜናው ለእሱም አዲስ ይመስል። «አንዲት ሴትዮ ቀርታቸው አልነበረም እንዴ?»

«ዐረፈች» አለ ገንዘብ ያዡ።

«ነፍስ ይማር።»

«ድንገት ነው አሉ። ድንኳን ተተከለ፣ አለቀ። ያን ያህልም… የሚባል ነገር የለም።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በደንበላ የማያውቅ ሰው የለም። ሞትን መዝጋቢ ቢሮ የሚባል ነገር ከቀረ ዘመን ሆኖታል። እድር ድንኳን ሲተክልና ሰብሳቢው አውራ ጣታቸውን ምሰሶው ላይ ሲያሳርፉ የሟቹ ስም በየመዝገቡ ሁሉ ይዘጋል። ድንኳን አይዋሽም ተብሎ ስለሚታመን ሌላ ማስረጃ፣ አስከሬንም ቢሆን፣ የሚጠይቅ የለም።

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ጋሽ ኪሩቤል ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ከንፈራቸውን አላቀቁ፣ መልሰው ገጠሙት፤ ብርጭቆውን አዞሩት። ትልቅ ሰው ናቸው፣ የሰፈሩን ሙታን ሁሉ የቀበሩ። በገዛ ቤቷ ከፊቷ ተቀምጠው እንዲህ ሲጨነቁ ማየት መቅደላዊትን አሳመማት።

ዝም ብትል ምናለ! ሻይዋን ፉት እያለች ስለ ዝናቡ ብታወራ፣ እነሱ ቀዝቃዛ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። ይህን ነገር አፍ አውጥቶ የሚናገር ወንድ ደንበላ አላበቀለችም። ጳጉሜ ያልፋል፣ ከተማው ያኮርፋል፣ ጥቅምት ይመጣል፣ እሷም ትድናለች። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ግን ስንቱን ሰው በቁሙ እንደበላ ማን ቆጥሮት ያውቃል? እንግዳ ቤቷ መጥቶ የሚፈልገውን ሳያገኝ፣ ያውም አፍሮ፣ እንዴት ይውጣ?

«ጋሼ» አለች፣ እንደ ቀልድ ፈገግ ብላ፣ «ለምን እኔም ሞተች አትሉም?»

«ኧረ! ኧረ በሕግ!» ሦስቱም እኩል ተነሱ ማለት ይቻላል። «ምን ዓይነት ንግግር ነው መቅዲ! ክፉ አይንካሽ!»

«ለበዓሉ ብቻ እኮ ነው። ጥቅምት ላይ እኔም ነጭ እሆናለሁ።»

«እኛ አላልንም» አለ ጸሐፊው። «እንዳላልን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች መቅደላዊት።

ጋሽ ኪሩቤል መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅሯል፤ እንባው እንኳ የውነት ነበር። «አንቺ እኮ የዚህ ከተማ እናት ነሽ። በዓሉ ይለፍ እንጂ በማግስቱ እናስነሳሻለን። እኔ ራሴ ነኝ ጣቴን አስቀምጬ ስምሽን የማስከፍተው።»

«ክኒኔስ? ሲስተር አንድም ቀን እንዳላቋርጥ ነግራኛለች።»

«እሱን ለእኛ ተዪው።»

ከዚያ ጋሽ ኪሩቤል ሻዩን አንስተው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። መቅደላዊት ደስ አላት። እስከ በር ሸኘቻቸውና አመሰገነቻቸው።

ኤልዳና ስትመጣ ነገረቻት። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«እነሱ ናቸው ያሉሽ?»

«ምን በወጣቸው። እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ ለምን?» ብላ አለቀሰች፤ በጣም አለቀሰች። ቀጥላም ማንም ሳያዛት ፊቷን ታጥባ ካውያውን አሞቀች። ዩኒፎርሙን ስትተኩስ እናትና ልጅ አልተያዩም።

ድንኳኑ በራሷ ደጅ ተተከለ። ቀብሩ በትውልድ አገሯ ተፈጽሟል ተባለ፤ እንዴት፣ መቼ ያለ የለም። ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ከተማው በሙሉ አላወቀም። መቅደላዊት ጓዳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በመጋረጃው ቀዳዳ ለቀስተኛውን አየች። ሁሉም መጥቷል። ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው ሁልጊዜ ቁልፍ የምትፈልገዋ ጎረቤቷ ናት። «መቅዲዬ! ሰው አክባሪዋ! ክፉ የማይወጣሽ!» እያለች ደረቷን ትመታለች። እንዲህ ያለ ጥሩ ቃል ከሰው አፍ ከሰማች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ሆዷ ባባና እሷም አለቀሰች። መሃል ላይ ሳል አፈናትና ሳለች። ድንኳኑ ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። ወዲያው ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዋይታውን አቀለጡት፤ ሳሉ እስኪቆም ድረስም ዝቅ አላደረጉትም።

በመጋረጃው ሥር ኤልዳና ንፍሮ በሳህን አሳለፈችላት። መቅደላዊት እፍኝ ዘገነችና ከልጅነቷ ጀምሮ እንደለመደችው «ነፍስ ይማር» ብላ ጎረሰች።

በማግስቱ ጠዋት ጣቷን ለሳጥኑ ሰጠች። ሳጥኑ አልወጋትም። ጣቷን ጠርጋ ደግማ ሰጠች፣ ሌላውን ጣት ሞከረች፣ መዳፏን ለጠፈች። ነጭ የለ፣ ብጫ የለ፣ ክኒን የለ። ያን የጠላችውን ብጫ ለማየት በሩ ሥር ስንት ሰዓት እንደቆመች እንጃ። ጋሽ ኪሩቤልን በኤልዳና በኩል ብታስጠይቅ «በዓሉ ይለፍ» አሉ። እሷም ተመልሳ እንዳትጠይቃቸው ይሉኝታ ያዛት።

መርማሪዎቹ መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ። በአዲሱ ዓመት ሰሌዳው ባዶ ሆነ። ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቀንሶ፣ ቆመ፤ ተሳፋሪዎቹ መጋረጃቸውን ገልጠው እጃቸውን አውለበለቡ። ኤልዳና በዩኒፎርሟ የጣቢያው በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ የደስታ ነው ብለው ፎቶ አነሷት። ለመጨረሻዋ ታማሚ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። መቅደላዊት በጓሮ መስኮት ስንጥቅ ፉጨቱንና እልልታውን ሰማች፤ ዝምታውንም ሰማች።

ከበዓሉ በኋላ ጋሽ ኪሩቤል «ትንሽ ይረጋጋ» አሉ። መስቀል ካለፈ በኋላ «አርባሽ እንኳ አልወጣም፤ ሰው ምን ይላል?» አሉ። አርባዋ ወጣ፤ ተዝካሯ ተበላ። በመጨረሻ እውነቱን ያመጣችው ሲስተር ያብስራ ናት። በጓሮ በር ገባች። ደረቷ ላይ ደንበላን ነጭ በማድረጓ የተሸለመችው ሜዳልያ ነበር፤ መቅደላዊት አይታው እንዳትከፋ ብላ በእጇ ሸፈነችው።

«ስምዎ ሲዘጋ ክኒኑ ወደ መጣበት ተመለሰ። ነጭ ከተማ ደግሞ ያንን መድኃኒት ማዘዝ አይችልም። ለማን ብዬ ልዘዝ?»

«ለእኔ።»

«እርስዎ እኮ የሉም እትዬ መቅዲ።»

«ያስነሱኛላ! ቃል ገብተውልኛል።»

«ስምዎ የተከፈተ ዕለት ሰሌዳው አንድ ይላል። ባቡሩ ያልፋል። ኤልዳናም ሥራዋን… ማን ደፍሮ ስምዎን ይከፍታል?»

«ሌላ አገር ብሄድስ?»

«አውቶቡሱም ጣት ይጠይቃል፣ ሆስፒታሉም ጣት ይጠይቃል።» ነርሷ ሆዷን ዳሰሰችላት፣ ዓይኗን ገልጣ አየች፣ ቀስ ብላ በመጣችበት በር ወጣች።

ኅዳር ላይ የመቅደላዊት ሆድ ውሃ ቋጥሮ ተነፋ፤ እግሯ አበጠ። አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆመች፤ የዓይኗ ነጩ ብጫ ሆኗል። በልጅነቷ ሰዎች የወፍ በሽታ የሚሉት ያ ብጫ ነው። ሳጥኑ የከለከላትን ራሷ ላይ አገኘችው።

ሥራ ግን አልጎደለባትም። የደንበላ ሰው መሞቱን አልተወም፤ ድንኳኑም መቀደዱን። ከለቅሶ በኋላ ሸራው ተጠቅልሎ በጓሮ በር ይገባል፤ እሷ ትጥፈዋለች፤ ሲነጋጋ ይወሰዳል። ማን እንደጣፈው አይነሳም። አንዳንዴ ኤልዳና ስትረሳ «እማዬ በነበረችበት ጊዜ» ትላለች፤ ያውም እናቷ ፊት። መጀመሪያ ላይ ይደነግጡ ነበር። በኋላ ተዉት።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ጋሽ ኪሩቤል ራሳቸው ድንኳኑን ሊወስዱ መጡ። ያቺ ቁልፍ ፈላጊዋ ጎረቤት ሞታለች፤ ልቧ ነው ቀጥ ያለው። መቅደላዊት የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሳ የመጨረሻውን ጥግ ትሰፋ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ?»

«ምን ችግር አለ መቅዲ።»

«አስነሱኝ አልልም። እሱስ ቀርቷል፤ ገብቶኛል። ብቻ እኔ… መቼም ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። ያን ለታ ይህን ድንኳን ደጄ ላይ ብትተክሉልኝ። ለአንድ ቀን እንኳ ይሁን። ልጄ ብቻዋን ተሸክማኝ እንዳትወጣ።»

ጋሽ ኪሩቤል ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«መቅዲ፣ እድሩ እኮ… ቀብሮሻል። ሕዝቡ ሥራውን ፈትቶ ተቀምጦልሻል። ተዝካርሽን በልተናል። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን ሲተከል የት ታይቶ ያውቃል? ጣቴንስ በማን ስም ላስቀምጥ? ምሰሶው እንደሆነ አንቺን አያውቅም። ሰው ሰምቶ ቢጠይቅ…»

ቀና ብላ አየቻቸው። ግንባራቸው ላይ እንደዚያን ቀን ላብ ችፍ ብሏል። ሽማግሌው ያሳዝናሉ። ያ የማታሸንፈው ይሉኝታ እንደገና ያዛት።

«ውይ፣ እኔን ይድፋኝ!» አለች እየሳቀች። «እንዲያው አፌን አመለጠኝ እንጂ! አንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚቀበረው? ይተዉት ጋሼ፣ አይክፋዎት። እንዳላልኩ ይቁጠሩት።»

«አልተቀየምሽኝም?»

«ምን በወጣዎት!»

እፎይ አሉ። ሸራውን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ካደረጉ በኋላ በሩ ላይ ቆም ብለው እየፈሩ ተመለሱ። «እንግዲህ… እጅሽ ሳይደክም፣ ለአንድ ሰው ስፌቱን ብታሳዪልን። ከአንቺ በኋላ የሚያውቅ የለም።»

«እሺ ጋሼ፣ ይላኩልኝ።»

ከሄዱ በኋላ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስንጥቅ አስጠጋች። ማዶ ጎረቤቷ ደጅ ድንኳኑ ሲተከል ይታያል። ሰዎቹ ምሰሶውን አቆሙ፣ ገመዱን ወጠሩ፤ ኤልዳናም በዩኒፎርሟ ከሥራ ወጥታ ንፍሮ ይዛ ገባች። መቅደላዊት ዓይኗን አጥብባ ዛሬ ጠዋት የሰፋችውን ጥግ ፈለገች፤ ነፋስ ሲመታው ያፈተልክ ይሆን ብላ ሠግታ ነበር። አገኘችው። ነፋሱ መጣ፣ ሸራው ተነፋ፣ ስፌቱ አልላላም። ደህና አድርጋ ነበር የሰፋችው።